ልብን ልብ ማለት

ከሌሊቱ 9 ሰዓት ግድም ነው። የቀሰቀሰኝ ድምፅ አልነበረም፤ ሕመምም አልነበረም። ደረቴ ውስጥ አንድ ሰው በጨለማ ደረጃ የሚወርድ መሰለኝ። ሁለት እርከን ይጣደፋል፣ ቀጥ ይላል፣ አንዱን ይስታል፣ ከዚያ አራት አምስቱን በአንድ ጊዜ እየተንጋጋ ይወርዳል። ቀና ብዬ ተቀመጥኩና መዳፌን ደረቴ ላይ አሳረፍኩ። ቀጣዩ ምት መቼ እንደሚመጣ ለመገመት ሞከርኩ፤ አልሆነልኝም። ቸኮለ ስል ይዘገያል፣ ቆመ ስል ይሮጣል። አፌ ደረቀ፣ ጉልበቴ ከዳኝ። ባለቤቴ ነቅታ መብራቱን ስታበራ «ልቤ መንገድ ጠፋበት» ያልኳት ትዝ ይለኛል። ሌላ የምገልጽበት ቃል አላገኘሁም።

አንድን ነገር ስናስተውል «ልብ አልኩት» እንላለን። ልቤን ራሱን ግን እስከዚያች ሌሊት ልብ ብዬው አላውቅም ነበር። በቀን 100,000 ጊዜ ያህል ሲመታ፣ ለ52 ዓመት ሳያሰልስ ሲሠራ፣ አንድም ቀን ቆጥሬው አላውቅም። አሁን ግን ልብ ከማለት በቀር ሌላ ሥራ አልነበረኝም።

ሊነጋ ሲል ተወኝ። ያ በጨለማ የሚደናበረው ሰው ሜዳ ላይ የደረሰ ይመስል እርምጃው በድንገት ተስተካከለ። በማግሥቱ የሄድኩበት ሕክምና ቤት ኢሲጂ (የልብን ኤሌክትሪክ ወረቀት ላይ የሚጽፍ ምርመራ) አነሡልኝ፤ ወረቀቱ ላይ ምንም እንከን አልነበረም። «ጭንቀት ነው፤ ዕረፍት ያድርጉ» ተብዬ ተመለስኩ። ቀጥሎ በነበሩት አራት ወራት አምስት ጊዜ መጣብኝ፤ አንዳንዴ ለግማሽ ሰዓት፣ አንዳንዴ ለሙሉ ቀን። ሐኪም ፊት ስደርስ ግን ሁልጊዜ ጤነኛ ነበርኩ። ይህን የምጽፈው ወቀሳ ለማሰማት አይደለም። ያኔ ማንም ያልነገረኝን አንድ ነገር አሁን ስለማውቅ ነው። የተለመደው ኢሲጂ የሚያየው 10 ሰከንድ ያህል ብቻ ነው። በእነዚያ 10 ሰከንዶች ልብ ደኅና ከሆነ ወረቀቱም ደኅና ነው ይላል። የሚመጣና የሚሄድ የልብ ምት መዛባት መያዝ ያለበት በመጣበት ሰዓት ነው። እንደ እኔ «ምንም የለብዎትም» ተብሎ የተመለሰ ሰው ካለ፣ ስሜቱ ሲነሣ ወዲያውኑ በአቅራቢያው ወዳለ ኢሲጂ ይሂድ፤ ካልሆነም ቀንና ሌሊት የሚመዘግብ መሣሪያ ይጠይቅ።

እኔን ያዳነኝ ይኸው መሣሪያ ነው። ሆልተር ይባላል፤ ስሙን ያገኘው ከፈጠረው አሜሪካዊ ከኖርማን ሆልተር ነው። ደረት ላይ የሚለጠፉ ሽቦዎችና ወገብ ላይ የሚታሰር ትንሽ ሣጥን ነው። ለ48 ሰዓት አሰሩልኝ። በሁለተኛው ሌሊት ያ ነገር መጣ፤ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲመጣ ደስ አለኝ። ሐኪሟ የተመዘገበውን እየገለጠች «ይኸው» አለችኝ። ከእያንዳንዱ ትልቅ ምት በፊት መታየት የነበረባት ትንሽ ጉብታ የለችም። በምትኳ የተንቀጠቀጠ መስመር አለ። የትልልቆቹ ምቶች ርቀት ደግሞ አንዱ ከሌላው አይመሳሰልም። «ኤትሪያል ፊብሪሌሽን ይባላል» አለች። በዓለም ላይ በብዛት ከሚታዩት ቆይታ ያላቸው የልብ ምት መዛባቶች ቀዳሚው ይህ እንደ ሆነና በዕድሜ እየበዛ እንደሚሄድ ነገረችኝ። ስም ማግኘቴ ብቻውን ግማሽ ፈውስ ሆነልኝ።

ልብ አራት ክፍሎች አሉት። ሁለቱ የላይኞቹ ደም ተቀብለው ወደ ታች ያወርዳሉ፤ ሁለቱ የታችኞቹ ወደ ሳንባና ወደ መላው አካል ይረጫሉ። ይህ ሁሉ በቅደም ተከተል የሚሆነው ከአንድ ቦታ በሚነሣ የኤሌክትሪክ ትእዛዝ ነው። ትእዛዙ የሚነሣው በቀኝ ላይኛው ክፍል፣ ትልቁ የደም ሥር በሚገባበት አጠገብ ከተቀመጠች ጥቂት የሴሎች ስብስብ ነው። አርተር ኪዝ የተባሉ የአካል ጥናት ሊቅና ማርቲን ፍላክ የተባለ የሕክምና ተማሪ ስለ እሷ የጻፉት እ.ኤ.አ. በ1907 ነበር። ፍላክ ቀድሞ ያያት በፍልፈል ልብ ውስጥ ነው። ይህን ሳነብ ብዙ ቆየሁበት፤ ከምድር በታች የምትኖር ያቺ ትንሽ እንስሳ የምትሸከመው ጊዜ ጠባቂና እኔ የምሸከመው አንድ ዓይነት ነው። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በጀርመን ማርቡርግ ይሠራ የነበረው ጃፓናዊ ሱናኦ ታዋራ በላይኛውና በታችኛው ክፍል መካከል ያለችውን ሌላዋን ስብስብ ገልጿት ነበር። እሷ በር ጠባቂ ናት። ከላይ የሚመጣውን ትእዛዝ ለጥቂት ጊዜ አቆይታ ወደ ታች ታሳልፋለች።

ኤትሪያል ፊብሪሌሽን ሲነሣ የላይኞቹ ክፍሎች አንዱን አዛዥ መስማት ይተዋሉ። እዚህም እዚያም የሚነሡ የኤሌክትሪክ ሞገዶች እርስ በርስ እየተጋጩ፣ እየተሰነጣጠቁ፣ በደቂቃ ከ350 እስከ 600 ጊዜ ጡንቻውን ይነዘንዙታል። በዚህ ፍጥነት ጡንቻ መጨማደድ አይችልም፤ ይርገበገባል እንጂ። ያ ሁሉ ነዝናዛ ትእዛዝ ወደ ታች ቢያልፍ በደቂቃዎች ውስጥ እንሞት ነበር። በር ጠባቂዋ ግን የምትችለውን ብቻ ታሳልፋለች፤ ያለ ሥርዓት፣ እንደ አጋጣሚ። በጨለማ ደረጃ የሚወርደው ሰው ይህ ነው። የታችኛው ልቤ አልታመመም ነበር። ትርጉም የሌለው ትእዛዝ እየደረሰው የቻለውን ያህል ይታዘዝ ነበር።

የጥንት ሐኪሞች ይህን ሁኔታ በእጃቸው ጣት ብቻ ያውቁት ነበር። ከመካከላቸው በላቲን «የልብ ቅዠት» ብለው የሰየሙት ነበሩ፤ ከዚህ የተሻለ ስም ዛሬም የለውም። ምንጩ ከላይኞቹ ክፍሎች መርገብገብ መሆኑ የተረጋገጠው ግን የኔዘርላንድሱ ቪለም አይንትሆቨን የልብን ኤሌክትሪክ የሚጽፍ መሣሪያ ከሠራ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1909 ለንደን ውስጥ ቶማስ ሉዊስ፣ ቪየና ውስጥ ደግሞ ሮትበርገርና ዊንተርበርግ መስመሩን አንብበው ነገሩን ለዩት። አይንትሆቨን በ1924 የኖቤል ሽልማት ተሰጠው። ወረቀቴን በያዝኩ ቁጥር እነዚህን ሰዎች በምስጋና አስባለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ሐኪሟን መጀመሪያ የጠየቅኋት «ይህ ነገር ይገድለኛል?» ብዬ ነው። ወንበሯን ጠጋ አደረገችና እንዲህ አለችኝ፤ «የሚያስደነግጥዎትና የሚያሰጋዎት አንድ አይደሉም። ለየብቻ ነው የምናያቸው።» ያን ቀን ሙሉ በሙሉ አልገባኝም። ከዚያ በኋላ የተማርኩት ሁሉ ግን የዚህች ዐረፍተ ነገር ማብራሪያ ነው።

የሚያስደነግጠው ትርታው፣ ትንፋሽ ማጠሩ፣ ድካሙ ነው። ልብ ለሳምንታትና ለወራት በጣም ፈጥኖ ሲመታ ከቆየ ጡንቻው ሊዳከም ስለሚችል ፍጥነቱን ማብረድ ግድ ነው። የሚያሰጋው ግን ድምፅ የለውም። ደም ካልተንቀሳቀሰ ይረጋል። የላይኞቹ ክፍሎች ሲርገበገቡ ደሙን ስለማይገፉት ጥግ ጥጉ ላይ ይተኛል። በግራ ላይኛው ክፍል ጎን ደግሞ ጆሮ የመሰለች ትንሽ ኪስ አለች። የቫልቭ (ደም በአንድ አቅጣጫ የሚያሳልፍ የልብ በር) ጥበት በሌለባቸው ሰዎች ላይ በዚህ ሕመም ሳቢያ ከሚረጋው ደም ከ90 በመቶ በላይ የሚገኘው እዚያች ኪስ ውስጥ ነው። ከረጋው ደም ቁራጭ ተነሥቶ ከሄደ ወደ ታችኛው ክፍል፣ ከዚያ በአንገት ወደሚያልፈው የደም ሥር፣ ከዚያ ወደ አንጎል ይደርሳል። ይህ ስትሮክ ነው። በአሜሪካ የፍሬሚንግሃም ከተማ ነዋሪዎችን ለአሥርተ ዓመታት የተከታተለው ጥናት እ.ኤ.አ. በ1991 ባወጣው ውጤት፣ ይህ ሕመም ስትሮክን ወደ አምስት እጥፍ እንደሚያሳድግ አሳይቷል። በዚህ መንገድ የሚመጣው ስትሮክ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከባድ ነው፤ የሚጓዘው ቁራጭ ትልቅ ስለሚሆን ትልቅ የደም ሥር ይዘጋል።

ኪሷ ስትሞላ አትቆጠቁጥም። ትርታዬ ሲያንቀጠቅጠኝ ያደረበት ሌሊት ከሌላው ሌሊት የበለጠ አደገኛ ስለመሆኑ ስሜቴ ምንም ሊነግረኝ አይችልም።

ስለዚህ ሐኪሞች ስጋቱን የሚለኩት በስሜት ሳይሆን በነጥብ ነው። የልብ ድካም ካለ 1፣ የደም ግፊት ካለ 1፣ ስኳር ካለ 1፣ የልብ ወይም የእግር የደም ሥር ጥበት ካለ 1፣ ዕድሜ ከ65 እስከ 74 ከሆነ 1፣ 75ና ከዚያ በላይ ከሆነ 2፣ ከዚህ በፊት ስትሮክ ከነበረ 2። ሴት መሆንም 1 ይቆጠር ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው የአውሮፓ የልብ ሐኪሞች መመሪያ ይህን ከቆጠራው አውጥቶታል። ልብ በሉ፤ ከእነዚህ ውስጥ «ትርታው ምን ያህል ያስቸግርዎታል?» የሚል ጥያቄ የለም። ምቱ ይመላለስ ወይም ይቆይ የሚልም የለም። ሐኪሟ ጠይቃኝ ስትጨርስ የእኔ ነጥብ ዜሮ ሆነ። ያ ሁሉ ሌሊት፣ ያ ሁሉ ላብ፣ በስጋት መዝገብ ላይ ዜሮ። ለዘለቄታው የደም ማቅጠኛ አያስፈልግዎትም አለችኝ። እፎይታም ቅሬታም በአንድ ጊዜ ተሰማኝ፤ ስቃዬ የተናቀ መስሎኝ ነበር። አልተናቀም። የስቃዬ ሕክምና በሌላ በኩል ይጠብቀኝ ነበር።

መጀመሪያ ፍጥነቱን የሚያበርድ መድኃኒት ተሰጠኝ። በር ጠባቂዋን ጠንከር ያደርጋታል፤ ቅዠቱን አያስቆምም። ረድቶኛል፤ ቢሆንም የምወጣው ደረጃ ሁሉ ተራራ ሆነብኝ፣ ቀኑን ሙሉ ደከመኝ። ከዚያ ምቱን ራሱን በሥርዓቱ ለማቆየት የሚሞክር ሌላ መድኃኒት ተጨመረ። እነዚህ መድኃኒቶች በእጅጉ ጥንቃቄ ይሻሉ። አንዳንዶቹ የተጎዳ ልብ ላለው ሰው አደገኛ ናቸው። አሚዮዳሮን የሚባለው ብርቱው ደግሞ ታይሮይድ ዕጢን፣ ሳንባንና ጉበትን ሊጎዳ ስለሚችል በየጊዜው ምርመራ ይጠይቃል። ከሌላ ሰው ተቀብሎ የሚዋጥ ነገር አይደለም።

በዚህ መካከል አንደኛው ዙር መጣና አልሄድ አለ። አንድ ቀን፣ ሦስት ቀን፣ ሁለት ሳምንት። ምቱን በኤሌክትሪክ ለማስተካከል ተወሰነ። በርናርድ ላውን እ.ኤ.አ. በ1962 ለሕክምናው ዓለም ያስተዋወቀው ዘዴ ነው። ለጥቂት ደቂቃ በማደንዘዣ ያስተኙሃል፣ ከልብ ምት ጋር የተናበበ አንድ የኤሌክትሪክ ምት ይሰጡሃል፣ የተበታተነው ሞገድ ሁሉ በአንድ ጊዜ ጸጥ ይላል፤ ዋናዋ አዛዥ እንደገና ትሰማለች። ከዚያ በፊት ግን ለሦስት ሳምንት ደም ማቅጠኛ ወሰድኩ፤ ከዚያ በኋላም ለአራት ሳምንት። ነጥቤ ዜሮ ቢሆንም። ምክንያቱም ለቀናት የተርገበገበ ክፍል በድንገት ሲጨማደድ ኪሷ ውስጥ የተኛውን ሊያስወነጭፍ ይችላል፤ ጡንቻውም ሙሉ ኃይሉን እስኪያገኝ ሳምንታት ይወስድበታል። ስነቃ ደረቴ ውስጥ የነበረው ጸጥታ ዕንባዬን አመጣው። ሰባት ሳምንት ቆየ። ከዚያ ተመለሰ።

ለምን እንደሚመለስ ያስረዳኝ የፍየሎች ጥናት ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 በኔዘርላንድስ ማስትሪክት የሚገኙ ተመራማሪዎች በፍየሎች ልብ ላይ መሣሪያ ተክለው የላይኛውን ክፍል ደጋግመው ያርገበግቡት ነበር። መጀመሪያ ላይ መርገብገቡ በሰከንዶች ውስጥ በራሱ ያቆም ነበር። ቀናት ሲያልፉ እየረዘመ ሄደ፤ ከአንድ ሁለት ሳምንት በኋላ በአብዛኞቹ ማቆም ተወ። ሕመሙ ራሱን ይወልዳል። ጡንቻው በተርገበገበ ቁጥር መርገብገብን ይለምዳል፣ ይሰፋል፣ ጠባሳ ያበጃል። ስለዚህ ምቱን በሥርዓት ለማቆየት የሚታሰብ ከሆነ ቶሎ መሆን አለበት። እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣው ከ4,000 በላይ ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት ፍጥነቱን ብቻ ማብረድና ምቱን በመድኃኒት ማስተካከል በሞት ቁጥር ልዩነት እንደሌላቸው ስላሳየ፣ ብዙ ሐኪሞች ለዓመታት በማብረዱ ብቻ ረኩ። በ2020 የወጣው ሌላ ትልቅ ጥናት ግን ሕመሙ በታወቀ በመጀመሪያው ዓመት ምቱን ማስተካከል ስትሮክንና ሌሎች ከባድ ችግሮችን እንደሚቀንስ አሳየ። እኔ ከሁለተኛው ጋር ነኝ፤ ገና ጅማሬው ላይ ያለና የሚሠቃይ ሰው «ተለማመደው» መባል የለበትም ብዬ አምናለሁ።

ቀጣዩ እርምጃ በካቴተር፣ በቀጭን ቱቦ፣ የሚደረገው ሕክምና ነበር። ለዚህ መንገዱን የከፈተው በፈረንሳይ ቦርዶ የሚሠራው ሚሼል ሃይሳጌር ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 ከባልደረቦቹ ጋር 45 ሕሙማንን አጥንቶ፣ ቅዠቱን ከሚለኩሱት 69 የኤሌክትሪክ ምንጮች 65ቱ ከሳንባ ወደ ግራ ላይኛው ክፍል በሚገቡት የደም ሥሮች ውስጥ እንደሚገኙ አሳየ። እሳቱ በጠቅላላው ቤት ውስጥ ሲፈለግ ኖሮ ከአራት በሮች ይነሣ ነበር። ስለዚህ በሮቹን መክበብ ነው። በብሽሽት የደም ሥር ቀጭን ቱቦ ያስገባሉ፣ ወደ ልብ ይዘልቃሉ፣ ሁለቱን የላይኛ ክፍሎች የሚለየውን ግድግዳ በመርፌ ያልፋሉ፣ የደም ሥሮቹን አፍ ዙሪያ በሙቀት ወይም በቅዝቃዜ ያጠባስሳሉ፤ በቅርብ ዓመታት ደግሞ አጫጭር የኤሌክትሪክ ምቶችን የሚጠቀም ዘዴ መጥቷል። ጠባሳ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። አደጋ የለውም አልልም፤ ደም መፍሰስ፣ በልብ ዙሪያ ደም መጠራቀም፣ አልፎ አልፎም ስትሮክ ሊያስከትል ይችላል። ስፈርም እጄ ተንቀጥቅጧል።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሦስት ጊዜ ተመለሰብኝ፤ ሁሉ ነገር ከንቱ ቀረ ብዬ አዘንኩ። ቁስሉ እስኪድን ድረስ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ወራት ይህ የሚጠበቅ እንደ ሆነ አስቀድመው ነግረውኝ ነበር፤ በጭንቀት ሰዓት ግን የተነገረ ነገር ይጠፋል። ደም ማቅጠኛውን ለሦስት ወር ወስጄ፣ ነጥቤ ዜሮ ስለሆነ፣ በሐኪሟ ውሳኔ አቆምኩ። ከዚያ ወዲህ 14 ወር ሆነኝ። አልተመለሰም። አንዳንዶች ሁለተኛ ጊዜ ይደገምላቸዋል፤ እኔም ምናልባት ይደገምልኝ ይሆናል።

የራሴ ድርሻም ነበረኝ። ማንኮራፋቴን ባለቤቴ ለዓመታት ስትነግረኝ እንደ ቀላል ነገር አልፌው ነበር፤ ተመረመርኩና በእንቅልፍ ትንፋሽ መቆራረጥ ተገኘብኝ፤ እሱም ይህን ሕመም ያባብሳል። ታይሮይድም ታየልኝ፤ እሱ ደኅና ነበር። ውፍረት ያለበት ሰው ከክብደቱ 10 በመቶ ያህል ቢቀንስ ሕመሙ እንደሚቀልለት በአውስትራሊያ አዴሌድ የተደረገ ጥናት አሳይቷል፤ እኔም ቀንሻለሁ። መጠጥ ጨርሶ ተውኩ። ደም ግፊትን መቆጣጠር ከሁሉ ይበልጣል ይላሉ፤ እኔ የለብኝም።

የቀረኝ አንድ ችግር ማዳመጥ ነው። ልቤን ልብ ማለት ከጀመርኩ ወዲህ መተው አቃተኝ። ግራ ጎኔን ተኝቼ ትራሱ ውስጥ ትርታዬን እሰማለሁ፤ አንድ ምት ቀደም ካለች እነሣለሁ። በመሃል የምትዘል አንዲት ምት በጤነኛ ሰው ሁሉ ላይ እንደምትከሰት አውቃለሁ። ማወቁ ሌሊቱን ሁልጊዜ አያስተኛም። ሐኪሟ ሰውነቴን አይታ ስትጨርስ ስለዚህም ስትጠይቀኝ አከብራታለሁ።

በዚያ ሁሉ ጊዜ የደም ሥር ትርታ በጣት መለካት ተምሬ ነበር። መዳፍን ወደ ላይ አድርጎ፣ ከአውራ ጣት ሥር ወደ እጅ አንጓ ወረድ ብሎ፣ ሦስት ጣት በቀስታ አሳርፎ፣ ሙሉ 60 ሰከንድ መቁጠር። 15 ሰከንድ ቆጥሮ በአራት ማባዛት አይበቃም፤ ቁጥሩን ሳይሆን ሥርዓቱን ነው የምንፈልገው። ለመለማመድ ያገኘሁትን ሰው እጅ ሁሉ እይዝ ነበር። አንድ ቀን ወንድም ጋሼን «እስቲ እጅዎን ይስጡኝ» አልኳቸው። ከእኔ በ19 ዓመት ይበልጣሉ፤ ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው። ወሬያቸውን ሳያቋርጡ ሰጡኝ።

ሁለት ፈጣን ምት። ዝምታ። አንድ ደካማ። ከዚያ የሚንጋጋ። ያ በጨለማ ደረጃ የሚወርደው ሰው ጣቶቼ ሥር ነበር።

«ልብዎ ይመታል? ያስቸግርዎታል?» አልኳቸው። «ኧረ ምንም» አሉ። ያን ዕለት ጠዋት አንድ ሰዓት ሙሉ በእግራቸው ተጉዘው ነበር። ኢሲጂ ሲነሡ ያው ሆነ፤ ኤትሪያል ፊብሪሌሽን። ከመቼ ጀምሮ እንደ ነበረባቸው ሊታወቅ አልቻለም። ዕድሜያቸው 72፤ ደም ግፊት አለባቸው። ነጥባቸው 2። የደም ማቅጠኛ፣ ጠዋትና ማታ፣ ዕድሜ ልክ ታዘዘላቸው።

ከሁለት ወር በኋላ ቤታቸው ስሄድ የመድኃኒቱ ካርቶን አልተከፈተም። ድምፄን ከፍ አድርጌ ተናገርኳቸው፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ያሳደገን ሰው አይጮሁበትም፤ ደግሞም ፍርሃት ለማንም መድኃኒት አስውጦ አያውቅም። እሳቸው በእርጋታ ምክንያታቸውን ደረደሩ። «አልታመምኩም» አሉ። «ካስፈለገ አስፒሪን እወስዳለሁ» አሉ። «ደም ማቅጠኛ የአይጥ መርዝ ነው ሲባል ሰምቻለሁ» አሉ። በመጨረሻም እንዲህ ሲሉ ጠየቁኝ፤ «አንተስ ትወስዳለህ?»

«አቁሜያለሁ» አልኳቸው።

«የታመምከው አንተ፣ የምወስደው እኔ?»

ጥያቄያቸው ትክክል ነበር። መልሱንም እነሆ ከላይ ስጽፍ የቆየሁት ነው፤ በዚያች ሰዓት ግን በአንድ ዐረፍተ ነገር መመለስ አልቻልኩም። ስለ አስፒሪኑ ነገርኳቸው፤ በዚህ ሕመም ከሚመጣው ስትሮክ የሚያድነው እጅግ ጥቂት ሆኖ የማድማት አደጋው ግን ስለማይቀር መመሪያዎቹ ለዚህ አይመክሩትም። ስለ አይጥ መርዙም አልሸሸግሁም፤ የሰሙት እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ በሰሜን አሜሪካ የሻገተ መኖ የበሉ ከብቶች ደማቸው እየፈሰሰ ያልቁ ነበር። በዊስኮንሲን ካርል ሊንክና ባልደረቦቹ መኖው ውስጥ ያለውን ንጥረ ነገር ለዩት፤ ከዚያ የተገኘው ዋርፋሪን በ1948 ለአይጥ ማጥፊያ ዋለ፤ በ1954 ደግሞ ለሰው መድኃኒት ሆነ። ያው ነገር በልክ ሲሰጥ ከዚህ ሕመም የሚመጣውን ስትሮክ በሁለት ሦስተኛ ያህል ይቀንሳል። ልኩን ለመጠበቅ አይኤንአር የሚባለውን የደም ምርመራ በየጊዜው ማድረግና ውጤቱን በ2 እና በ3 መካከል ማቆየት ያስፈልጋል፤ አረንጓዴ ቅጠላ ቅጠልም አንድ ቀን አብዝቶ ሌላ ቀን መተው ያናውጠዋል። ለወንድም ጋሼ የታዘዘው ግን ሌላ ነበር፤ ከ2010 ወዲህ ከመጡት፣ ያን ሁሉ ምርመራ ከማይጠይቁት አዳዲሶቹ ወገን ነው። እነዚህ ለሁሉም አይሆኑም። ሰው ሠራሽ ብረት ቫልቭ ላላቸውና የግራው የልብ ቫልቭ በጣም ለጠበበባቸው ሰዎች ዋርፋሪን አሁንም ዋናው ነው፤ በ2022 የወጣ ትልቅ ጥናት ሩማቲክ የልብ ሕመም ባለባቸው ሰዎች ላይ ከአዲሶቹ አንዱን ከአሮጌዎቹ መድኃኒቶች ጋር አወዳድሮ አሮጌዎቹ የተሻሉ ሆነው አግኝቷቸዋል።

አዳመጡኝ። አላሳመንኳቸውም። ያሳመነቻቸው ሐኪሟ ናት፤ ለዚያውም በጥቂት ቃል። አብሬያቸው ሄድኩ። በአልትራሳውንዱ ልባቸውን አሳየቻቸው፤ የሚርገበገበውን ግድግዳ በጣቷ እየጠቆመች። ከዚያ «ጋሼ፣ ይህ መድኃኒት ልብዎን አያስተካክልም» አለቻቸው። «ልብዎ እንዲህ እየመታ ብዙ ዓመት ሊኖር ይችላል። መድኃኒቱ ለጭንቅላትዎ ነው።» የሚደማ ነገር ካዩ፣ ሰገራ ከጠቆረ፣ ጭንቅላታቸውን ከተመቱ ወዲያውኑ እንዲመጡ፤ ጥርስ ለማስነቀልም ሆነ ለማንኛውም ሕክምና ሲሄዱ መድኃኒቱን እንደሚወስዱ አስቀድመው እንዲናገሩ ነገረቻቸው። ለእኔና ለቤተሰቡ ደግሞ፣ ፊታቸው በአንድ ወገን ከተጣመመ፣ አንድ እጃቸው ከወደቀ ወይም ንግግራቸው ከተወላገደ አንዲት ደቂቃ እንዳናባክን፤ የረጋ ደም የሚያሟሟው መድኃኒት የሚሰጠው በመጀመሪያዎቹ አራት ሰዓት ተኩል ውስጥ ስለሆነ ምልክቱ የጀመረበትን ሰዓት እንድንይዝ አሳሰበችን።

ወንድም ጋሼ የሥራ ዘመናቸውን በሒሳብ መዝገብ ላይ ያሳለፉ ሰው ናቸው። የቤተሰቡን ልጆች ሁሉ የልደት ቀን በቃላቸው ያውቃሉ፤ የሞቱትንም ሰዎች ዕለት አይረሱም። መንገድ ላይ ለብዙ ጊዜ ዝም ብለው ተጓዙ። ከዚያ «ለጭንቅላቴ ነው አለች አይደል?» ሲሉ ጠየቁኝ።

«አዎ።»

«ለምን ከመጀመሪያው እንደሱ አልነገርከኝም?»

የምሰጠው መልስ አልነበረኝም። እኔ ስለ ልብ ሳወራ ነበር የከረምኩት።

ባለፈው ሳምንት ቤታቸው ተቀምጠን ሳለ እንደ ልማዴ እጃቸውን ያዝኩ። 60 ሰከንድ ቆጠርኩ፤ 78። ሁለት ፈጣን፣ አንድ ደካማ፣ ዝምታ፣ ከዚያ የሚንጋጋ።

«እህ፣ ተስተካከለ?» አሉኝ።

«አልተስተካከለም።»

እጃቸውን አልነጠቁኝም። «የጠዋቱን ውጫለሁ» አሉ፤ በሌላው እጃቸው የኮታቸውን ኪስ መታ መታ አድርገው። «የማታው እዚህ አለ።»